መምህሩ 1ን እንደሚሞክር በምን አወቀ? የፖሊኖሚያል ዜሮዎችን በፋክተር ስለማግኘት

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ቲቸር። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አሁን ፖሊኖሚያል ላይ ነን። መምህራችን ሀ³ − 6ሀ² + 11ሀ − 6 ብሎ ጻፈና ወዲያው "1ን እንሞክር" አለ። ዜሮ ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለው ማካፈል ገብቶኛል። ግን 1 እንደሚሠራ በምን አወቀ? እኔ ቤት ስሠራ ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ዝም ብዬ ቁጥር እያስገባሁ ወረቀት እጨርሳለሁ። ሌላው ደግሞ፣ ሀ³ − 5ሀ² + 6ሀ = 0 የሚለውን ከጓደኛዬ ጋር ሠርተን መልሳችን ተለያየ። እሷ በሀ አካፍላ 2 እና 3 አገኘች። እኔ 0፣ 2 እና 3 አገኘሁ። ከእኔ ስለምትበልጥ ራሴን ተጠራጠርኩ። በመጨረሻ፣ የሞከርኩት ቁጥር ሁሉ እምቢ ሲል "ዜሮ የለውም" ብዬ ብጽፍ ልክ ነው? ይርዱኝ።»

ደብተርሽ ላይ «ኤክስ» የተባለውን እዚህ «ሀ» ብዬ እጽፈዋለሁ። ሌላው ሁሉ ያው ነው። የፖሊኖሚያል «ዜሮ» ስል ደግሞ በሀ ቦታ ሲገባ ፖሊኖሚያሉን 0 የሚያደርገውን ቁጥር ማለቴ ነው።

ከሁለተኛው ጥያቄ ልጀምር። ልክ አንቺ ነሽ። መልሱ 0፣ 2 እና 3 ነው። ጓደኛሽ ሁለቱን በትክክል አግኝታለች፤ አንዱን ግን ሳታውቀው ጣለችው። እንዴት እንደጣለችው እንዲገባሽ፣ ፋክተር የምናደርግበትን ምክንያት ከሥሩ ማየት አለብን። ምክንያቱ ከገባሽ የቀሩት ጥያቄዎችሽም ግማሽ መንገድ ሄዱ ማለት ነው።

ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው 12 ሰጡ እንበል። እነማን ናቸው? 3 እና 4 ሊሆኑ ይችላሉ። 2 እና 6 ሊሆኑ ይችላሉ። 24 እና ግማሽም ያስኬዳሉ። −1 እና −12ም እንደዚያው። ማለቂያ የለውም። ብዜታቸው 12 መሆኑን ብታውቂም ስለ አንዳቸውም ያወቅሽው ነገር የለም። አሁን ደግሞ ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው 0 ሰጡ እንበል። እዚህ ጋ ማምለጫ የለም። ለ × መ = 0 ከሆነ ወይ ለ ዜሮ ነው፣ ወይ መ ዜሮ ነው፣ ወይም ሁለቱም ዜሮ ናቸው። ይህ ጠባይ ያለው ቁጥር ዜሮ ብቻ ነው።

የፋክተር ጥቅም በሙሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። በመደመርና በመቀነስ የተያያዘውን ነገር ወደ ብዜት እንቀይረዋለን። ብዜቱ ዜሮ ሲሆን አንዱ ከባድ እኩልታ ወደ ትናንሽ እኩልታዎች ይበተናል። ከዚያ እያንዳንዱን ቅንፍ ለብቻው ዜሮ ማድረግ ነው።

ስለዚህ በሌላው ወገን ዜሮ ከሌለ ፋክተር ማድረግ ብቻውን ምንም አይፈታም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ተማሪዎች ወረቀት ላይ ደጋግሜ የማየው ስሕተት ስላለ ነው። ሀ² − 5ሀ = 14 ይሰጣቸዋል። ሀ(ሀ − 5) = 14 ብለው ይጽፋሉ። እስከዚህ ልክ ነው። ቀጥለው «ሀ = 14 ወይም ሀ − 5 = 14» ይላሉ። ይሄ የዜሮን ጠባይ ለ14 መስጠት ነው፤ 14 ደግሞ ያ ጠባይ የለውም። 14ን ወደ ግራ አምጪው፦ ሀ² − 5ሀ − 14 = 0። ተባዝተው −14፣ ተደምረው −5 የሚሆኑት −7 እና 2 ናቸው። ስለዚህ (ሀ − 7)(ሀ + 2) = 0። ዜሮዎቹ 7 እና −2 ናቸው። መልሰሽ አስገቢና እዪ፦ 49 − 35 = 14፤ 4 + 10 = 14።

ሁሉንም ወደ አንድ ወገን ሰብስቦ «እኩል ይሆናል ዜሮ» ማለት ዛሬ ተራ ነገር ይመስላል። ሰው እዚህ ለመድረስ ግን ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ የነበረው አል ኸዋሪዝሚ ሁለተኛ ዲግሪ እኩልታዎችን (ትልቁ አባላቸው ሀ² የሆነውን) በሥርዓት ፈትቷል። ኔጌቲቭ ቁጥር ግን አይጠቀምም ነበር። ሁሉንም ወደ አንድ ወገን ማምጣት ስላልቻለ እኩልታዎቹን በስድስት ዓይነት ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ የራሱን መንገድ አስተማረ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1631፣ እንግሊዛዊው ቶማስ ሃሪየት ከሞተ በኋላ የታተመው ሥራው እኩልታን ከፋክተሮች ብዜት እየሠራ ያሳያል። በ1637 ደግሞ ፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት ነገሩን በግልጽ አስቀመጠው፤ አንድ ቁጥር ዜሮ ከሆነ ፖሊኖሚያሉ «ሀ ሲቀነስ ያ ቁጥር» ለሚለው ያለ ቀሪ ይካፈላል አለ። እናንተ ክፍል ውስጥ ፋክተር ቲዎረም የምትሉት ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ጓደኛሽ እንመለስ። ሀ³ − 5ሀ² + 6ሀ = 0 ውስጥ ሀ በሦስቱም ቦታ አለ። አንቺ አወጣሽው፦ ሀ(ሀ² − 5ሀ + 6) = 0፣ ማለትም ሀ(ሀ − 2)(ሀ − 3) = 0። ሦስት የሚባዙ ነገሮች አሉ፤ ስለዚህ ሦስት መልስ። እሷ ግን ሁለቱንም ወገን በሀ አካፈለች። በአንድ ቁጥር ለማካፈል ያ ቁጥር ዜሮ አለመሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሀ ደግሞ ገና አልታወቀም፤ የምንፈልገው እሱን ነው። በሀ ስታካፍል «ሀ ዜሮ አይደለም» ብላ በዝምታ ወስናለች። በዚህ እኩልታ ደግሞ ሀ ዜሮ መሆን ይችላል። መልሱ የጠፋው እዚያ ጋ ነው።

ይኸው ነገር ተደብቆም ይመጣል። (ሀ + 1)(ሀ − 4) = 3(ሀ + 1) ቢሰጥሽ ሁለቱንም (ሀ + 1) ሰርዞ ሀ − 4 = 3 ማለት በጣም ያጓጓል። እንደዚያ ካደረግሽ 7ን ብቻ ታገኛለሽ፣ −1 ይጠፋል። ሁሉንም ወደ ግራ አምጥተሽ የጋራውን አውጪ፦ (ሀ + 1)(ሀ − 4 − 3) = 0፣ ማለትም (ሀ + 1)(ሀ − 7) = 0። ያልታወቀ ነገር ያለበትን የጋራ ፋክተር አውጥተሽ ፊት ለፊት አስቀምጪው እንጂ በማካፈል አታጥፊው። ለጓደኛሽም ይህንኑ አሳያት። ልዩነታችሁ ይህቺ አንዲት መስመር ብቻ ናት።

አሁን ዋናው ጥያቄሽ። መምህራችሁ 1 እንደሚሠራ በምን አወቀ?

ፖሊኖሚያሉን እንደገና እዪው፦ ሀ³ − 6ሀ² + 11ሀ − 6 = 0። ሙሉ ቁጥር የሆነ ዜሮ አለው ብለን እናስብ። ሀ የሌለበትን ቋሚውን ቁጥር ወደ ቀኝ ውሰጂና በግራ በኩል ሀን አውጪ፦

ሀ(ሀ² − 6ሀ + 11) = 6

ሀ ሙሉ ቁጥር ከሆነ ቅንፉ ውስጥ ያለውም ሙሉ ቁጥር ነው። ሁለት ሙሉ ቁጥሮች ተባዝተው 6 ሰጡ ማለት ነው። እንግዲህ ሀ 6ን ያለ ቀሪ ማካፈል አለበት! 6ን የሚያካፍሉት 1፣ 2፣ 3፣ 6 እና የእነሱ ኔጌቲቮች ብቻ ናቸው። 4ን መሞከር አያስፈልግም። 5ን፣ 10ን፣ 100ን መሞከር አያስፈልግም። ወረቀት የሚጨርስብሽ ይህን አለማወቅሽ ነበር፤ አሁን ማለቂያ ከሌለው ቁጥር ወደ ስምንት ወረድን።

ከዚህ በላይ ላሳይሽ የምፈልገው ደግሞ ማየት የሚችል ዓይን እነዚህን ስምንቱንም መሞከር እንደማያስፈልገው ነው። ምልክቶቹን ተመልከቺ፦ ፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ፣ ፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ። በሀ ቦታ ኔጌቲቭ ቁጥር ብታስገቢ ሀ³ ኔጌቲቭ ይሆናል። −6ሀ² ኔጌቲቭ ነው። 11ሀ ኔጌቲቭ ነው። −6ም ኔጌቲቭ ነው። አራት ኔጌቲቮች ተደምረው ዜሮ ሊሆኑ አይችሉም። ስለዚህ ኔጌቲቮቹ በሙሉ ከጨዋታ ወጡ። የቀሩት 1፣ 2፣ 3 እና 6 ናቸው።

ከአራቱ ደግሞ 1ን መሞከር ምንም ድካም የለውም። 1 ስንት ጊዜ በራሱ ቢባዛ ያው 1 ነው፤ ስለዚህ 1ን ማስገባት ኮኤፊሸንቶቹን (ከሀ ፊት ያሉትን ቁጥሮችና ቋሚውን) መደመር ማለት ነው። 1 − 6 + 11 − 6 = 0። መምህራችሁ ገና እየጻፈ ይህን በዓይኑ ደምሮት ይሆናል። ግምት አይደለም፣ የተለየ ተሰጥኦም አይደለም። አንቺም ከዛሬ ጀምሮ ፖሊኖሚያል ባየሽ ቁጥር መጀመሪያ ኮኤፊሸንቶቹን ደምሪ።

ለ−1ም ተመሳሳይ አቋራጭ አለ። ጎዶሎ አርቢ ያላቸውን (የሀ³ን፣ የሀን) ኮኤፊሸንቶች ለብቻ፣ ተጋማሽ አርቢ ያላቸውንና (የሀ²ን) ቋሚውን ለብቻ ደምሪ። ሁለቱ ድምሮች እኩል ከሆኑ −1 ዜሮ ነው። ለምሳሌ ሀ³ + 2ሀ² − 5ሀ − 6 ላይ፣ 1 − 5 = −4፤ 2 − 6 = −4። እኩል ናቸው። ስለዚህ (ሀ + 1) ፋክተር ነው፤ ቀሪው ሀ² + ሀ − 6 ነው፤ እሱም (ሀ + 3)(ሀ − 2) ነው። ዜሮዎቹ −1፣ −3 እና 2።

ማካፈሉ ገብቶኛል ብለሻል። ቢሆንም እኔ ከረጅሙ ማካፈል ይልቅ የምወደውን መንገድ ላሳይሽ፤ ፈተና ላይ ጊዜ ይቆጥብልሻል። 1 ዜሮ መሆኑን ካወቅን ሀ³ − 6ሀ² + 11ሀ − 6 = (ሀ − 1)(ሀ² + ?ሀ + 6) መሆን አለበት። የመጀመሪያው ሀ² የግድ ነው፤ ሀ በሀ² ተባዝቶ ነው ሀ³ የሚመጣው። የመጨረሻው 6 የግድ ነው፤ −1 በ6 ተባዝቶ ነው −6 የሚመጣው። የማናውቀው መካከለኛው ብቻ ነው። ሀ² የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነው፤ ከሀ × ?ሀ እና ከ−1 × ሀ²። ስለዚህ ? − 1 = −6፣ ማለትም ? = −5። የሀን ኮኤፊሸንት አረጋግጪ፦ 6 + 5 = 11። ልክ ነው። የቀረው ሀ² − 5ሀ + 6 ነው፤ (ሀ − 2)(ሀ − 3)። አለቀ።

እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ። አንድ ዜሮ ካገኘሽ በኋላ ሌሎቹን በመሞከር አትቀጥዪ። ወዲያው አካፍዪ። ሦስተኛው ዲግሪ ወደ ሁለተኛ ዲግሪ ይወርዳል፤ ለሁለተኛ ዲግሪ ደግሞ የተሟላ መሣሪያ አለሽ። በመሞከር ብቻ ከሄድሽ ክፍልፋይ የሆነው ወይም ስኩዌር ሩት ያለበት ዜሮ ያመልጥሻል።

ስለ ክፍልፋይ ካነሳሁ፣ የሀ³ ኮኤፊሸንት 1 ካልሆነ እጩዎቹ ይጨምራሉ። 2ሀ³ − 3ሀ² − 11ሀ + 6ን እንይ። ዜሮው ክፍልፋይ ከሆነ ላይኛው ቋሚውን 6ን፣ ታችኛው ደግሞ መሪውን ኮኤፊሸንት 2ን ማካፈል አለበት። ስለዚህ ከ1፣ 2፣ 3፣ 6 ሌላ 1/2 እና 3/2ም ተጨመሩ፣ ከነኔጌቲቮቻቸው። ለምን ቢባል፣ 1/2 ዜሮ የሚሆነው (2ሀ − 1) ፋክተር ሲሆን ነው፤ ቅንፎቹ ሲባዙ ያ 2 መሪው ኮኤፊሸንት ውስጥ መግባቱ አይቀርም። እንሞክር። 1 ሲገባ −6 ይሆናል። −1 ሲገባ 12። 2 ሲገባ −12። −2 ሲገባ −16 − 12 + 22 + 6 = 0። ያዝነው! አካፍለን (ሀ + 2)(2ሀ² − 7ሀ + 3) እናገኛለን፤ እሱም (ሀ + 2)(2ሀ − 1)(ሀ − 3) ነው። ዜሮዎቹ −2፣ 1/2 እና 3። ይህ የእጩ ዘዴ የሚሠራው ኮኤፊሸንቶቹ በሙሉ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ሲሆኑ ነው። ክፍልፋይ ካለባቸው መጀመሪያ በታችኛዎቹ ቁጥሮች የጋራ ብዜት አባዝተሽ አጽጂ።

ወደ መሞከር ከመግባትሽ በፊት ግን ፖሊኖሚያሉን ትንሽ ቆም ብለሽ ተመልከቺው። የጋራ ፋክተር አለ? አራት አባላት ካሉ ሁለት ሁለት አድርገሽ ማቧደን ይቻላል? ሀ³ + 2ሀ² − 9ሀ − 18 ላይ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሀ²ን፣ ከመጨረሻዎቹ ሁለት −9ን አውጪ፦ ሀ²(ሀ + 2) − 9(ሀ + 2)። ስለዚህ (ሀ + 2)(ሀ² − 9)፤ ማለትም (ሀ + 2)(ሀ − 3)(ሀ + 3)። አንድም ቁጥር አልሞከርንም። ሀ⁴ − 13ሀ² + 36ም ሲያዩት ያስፈራል እንጂ ሀ²ን እንደ አንድ ነገር ካየሽው (ሀ² − 4)(ሀ² − 9) ነው፤ ዜሮዎቹ 2፣ −2፣ 3 እና −3።

ሁለተኛ ዲግሪ ላይ መሪው ቁጥር ትልቅ ሲሆን ብዙ ልጆች ይጨነቃሉ። 6ሀ² + ሀ − 12ን ውሰጂ። 6 × (−12) = −72። ተባዝተው −72፣ ተደምረው 1 የሚሆኑት 9 እና −8 ናቸው። መካከለኛውን በእነሱ ክፈዪው፦ 6ሀ² + 9ሀ − 8ሀ − 12 = 3ሀ(2ሀ + 3) − 4(2ሀ + 3) = (2ሀ + 3)(3ሀ − 4)። ዜሮዎቹ −3/2 እና 4/3። እንዲህ ዓይነት ጥንድ ቁጥር ይኖር አይኖር እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ዲስክሪሚናንቱን አስዪ፤ የመካከለኛው ስኩዌር ሲቀነስ 4 × መሪው × ቋሚው ነው። እዚህ 1 + 288 = 289፣ ይህም 17² ነው። ፍጹም ስኩዌር ከሆነ በኢንቲጀር ፋክተር ይደረጋል። ካልሆነ ደግሞ ጥንድ ፍለጋ ጊዜሽን አታቃጥዪ፤ በቀጥታ ወደ ኳድራቲክ ፎርሙላ ሂጂ።

«ይሄ ምን ያደርግልናል?» የሚል ተማሪ ሁልጊዜ አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልስም አለው። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ላሜራ የሚቆርጥና የሚበይድ ብረታ ብረት ቤት ማግኘት አይቸግርሽም። አንድ ሠራተኛ 30 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ላሜራ አለው እንበል። ከአራቱም ማዕዘን እኩል ካሬ ቆርጦ፣ ጎኖቹን አጥፎ፣ ክዳን የሌለው ሳጥን መሥራት ይፈልጋል። ሳጥኑ ልክ 1 ሊትር መያዝ አለበት፣ ማለትም 1,000 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር። ስንት ሴንቲ ይቁረጥ?

የሚቆረጠውን ሀ እንበለው። ቁመቱ ሀ ይሆናል፣ ርዝመቱ 30 − 2ሀ፣ ስፋቱ 20 − 2ሀ። ስለዚህ ሀ(30 − 2ሀ)(20 − 2ሀ) = 1000። ልብ በዪ፣ በግራ በኩል በፋክተር ነው ያለው። ግን በቀኝ ያለው ዜሮ ሳይሆን 1000 ስለሆነ ፋክተሩ ምንም አይነግረንም። አባዝተን፣ ሁሉን ወደ አንድ ወገን አምጥተን፣ በ4 ማካፈል አለብን (በ4 ማካፈል ችግር የለውም፤ 4 ዜሮ አይደለም)፦

ሀ³ − 25ሀ² + 150ሀ − 250 = 0

ምልክቶቹ ተፈራርቀዋል፤ ስለዚህ ኔጌቲቭ ዜሮ የለውም። እጩዎቹ 250ን የሚያካፍሉ ናቸው፦ 1፣ 2፣ 5፣ 10፣ 25 እያለ ይሄዳል። 1 ሲገባ −124፤ 2 ሲገባ −42። 5 ሲገባ 125 − 625 + 750 − 250 = 0። ሳጥኑ 5 በ20 በ10 ይሆናል፤ ልክ 1,000። አብዛኛው ሰው እዚህ ያቆማል። እኛ ግን እናካፍል፦ (ሀ − 5)(ሀ² − 20ሀ + 50)። የቅንፉ ዲስክሪሚናንት 400 − 200 = 200 ነው። ፍጹም ስኩዌር ስላልሆነ በኢንቲጀር አይበተንም። በፎርሙላው 10 − √50 እና 10 + √50 እናገኛለን፤ ወደ 2.93 እና 17.07 ገደማ።

2.93 ትክክለኛ መልስ ነው። ሠራተኛው 2.93 ሴንቲ ቢቆርጥ ጠፍጣፋና ሰፊ ሳጥን ይወጣዋል፣ እሱም 1 ሊትር ይይዛል። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ሳጥኖችን መሥራት ይችላል፤ ሁለተኛውን ያገኘነው ስላካፈልን ብቻ ነው። 17.07ስ? 20 ሴንቲ ስፋት ካለው ላሜራ ከሁለቱም ጫፍ 17 ሴንቲ መቁረጥ አይቻልም። ታዲያ እኩልታው ለምን ተቀበለው? 30 − 2ሀ እና 20 − 2ሀ ሁለቱም ኔጌቲቭ ይሆናሉ፤ ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ተባዝቶ ፖዘቲቭ ሰጠ። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ሳጥኑ ግን የለም። 17.07 የፖሊኖሚያሉ ዜሮ ነው፣ የጥያቄው መልስ ግን አይደለም። የቃል ጥያቄ ስትሠሪ ዜሮዎቹን በሙሉ አግኚ፣ ከዚያ የትኛው ከነገሩ ጋር እንደሚሄድ አንቺ ወስኚ።

ወደ መጨረሻው ጥያቄሽ ልምጣ። እጩዎቹ በሙሉ እምቢ ካሉ «ዜሮ የለውም» ብለሽ ብትጽፊ ልክ አይሆንም። መጻፍ ያለብሽ «ራሽናል (ሙሉ ቁጥር ወይም ክፍልፋይ የሆነ) ዜሮ የለውም» ነው፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሀ² − 4ሀ + 1ን እዪ። እጩዎቹ 1 እና −1 ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም አይሠሩም። ዜሮዎች ግን አሉት፦ 2 + √3 እና 2 − √3። ሀ² + 9 ግን በሪል ቁጥሮች ውስጥ በእርግጥ ዜሮ የለውም፤ ስኩዌር ኔጌቲቭ ስለማይሆን ድምሩ ከ9 በታች አይወርድም።

ሦስተኛ ዲግሪ ከሆነ ደግሞ «ዜሮ የለውም» የሚለው መልስ ሁሌም ስሕተት ነው። መሪው ፖዘቲቭ ከሆነ፣ ሀ በጣም ትልቅ ፖዘቲቭ ሲሆን ፖሊኖሚያሉ ፖዘቲቭ ይሆናል፤ ሀ በጣም ትልቅ ኔጌቲቭ ሲሆን ኔጌቲቭ ይሆናል። ግራፉ ሳይቋረጥ ከታች ወደ ላይ ስለሚሄድ መሐል ላይ የግድ ዜሮን ያልፋል። መንገዱን ታውቂዋለሽ፤ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ከ2,000 በታች። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርጂ በየትኛውም መኪና ሂጂ፣ የሆነ ቦታ ላይ ልክ 2,000 ሜትርን ሳታልፊ አትደርሺም። የግራፉም ነገር እንዲሁ ነው።

ይህ እውቀት በተግባር ይሠራል። ሀ³ − 3ሀ + 1 እጩዎቹ 1 እና −1 ናቸው፤ 1 ሲገባ −1፣ −1 ሲገባ 3 ይሆናል። ራሽናል ዜሮ የለውም። አሁን ግን 0ን አስገቢ፤ 1 ይሆናል። በ0 ፖዘቲቭ፣ በ1 ኔጌቲቭ፤ ስለዚህ በመካከላቸው ዜሮ አለ። 0.3 ስታስገቢ 0.127፣ 0.4 ስታስገቢ −0.136። እንግዲህ ከ0.3 እስከ 0.4 መካከል ነው። እንዲህ እያጠበብሽ የፈለግሽው ድረስ መቅረብ ትችያለሽ። በ1 እና በ2 መካከል፣ በ−2 እና በ−1 መካከልም ሌሎች ሁለት አሉ፤ አንቺ አረጋግጪ።

ለሦስተኛ ዲግሪ ፎርሙላ አለ፤ ጣሊያናዊው ጂሮላሞ ካርዳኖ በ1545 አሳትሞታል። በጣም የተወሳሰበ ስለሆነ ክፍል ውስጥ አትጠየቂውም። ለአምስተኛ ዲግሪና ከዚያ በላይ ግን፣ ኮኤፊሸንቶቹን በመደመር፣ በመቀነስ፣ በማባዛት፣ በማካፈልና ሩት በማውጣት ብቻ ለሁሉም የሚሠራ ፎርሙላ ሊኖር እንደማይችል ኖርዌያዊው ኒልስ አቤል በ1824 አረጋገጠ። ፋክተር ማድረግ ዋጋው የሚታየው እዚህ ነው፤ ለሁሉም የሚሆን ፎርሙላ በሌለበት ቦታም ፖሊኖሚያሉ ከተበተነ ይፈታል።

ጎበዝ ተማሪዎችንም የሚያሳስት አንድ ነገር ልጨምር። «ዜሮ ከሌለው ፋክተር አይደረግም» የሚለው ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ትክክል ነው። ለአራተኛ ዲግሪ ግን አይሠራም። ሀ⁴ + 4 ምንም ሪል ዜሮ የለውም፤ ሁሌም 4 ወይም ከዚያ በላይ ነው። ሆኖም (ሀ² + 2ሀ + 2)(ሀ² − 2ሀ + 2) ነው። አባዝተሽ አረጋግጪው፤ መካከለኞቹ ሁሉ ይጠፋፋሉ።

የሚደጋገም ዜሮም ይገጥምሻል። ሀ³ − 3ሀ² + 4 = (ሀ + 1)(ሀ − 2)² ነው። 2 ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ግራፉ −1 ላይ አግድሙን መስመር አቋርጦ ያልፋል፤ 2 ላይ ግን ነክቶት ይመለሳል።

ለመለማመጃ ሦስት ልስጥሽ፤ ከጓደኛሽ ጋር ለየብቻ ሥሩና አወዳድሩ። የመጀመሪያው ሀ³ − 7ሀ + 6 = 0 ነው። የሀ² አባል ስለሌለ ስታካፍዪ በቦታው 0 ማስቀመጥ እንዳትረሺ። ሁለተኛው ሀ³ + ሀ² = 2ሀ + 2 ነው፤ እዚህ ላይ የምትሰርዙት ነገር ካለ አንድ መልስ ይጠፋባችኋል። ሦስተኛው ያው ላሜራ ነው፤ ሳጥኑ ግን አሁን 1,056 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይያዝ። አንዱ ዜሮ 4 ነው። ሌሎቹን ሁለቱን ፈልጊና የትኛው እንደሚቆረጥ፣ የትኛው እንደማይቆረጥ ጻፊልኝ።